ሳተላይት በማይደርስበት ግንብ ውስጥ

ጎንደር መሐል ከተማ፣ ከፋሲል ግቢ አጥር ውጭ ቆሞ የስልኩን ካርታ የከፈተ ሰው የቆመበትን ቦታ በሰማያዊ ነጥብ ያገኘዋል፤ ሰማዩ ገላጣ ከሆነ ስሕተቱ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ይኸው ሰው በሩን አልፎ፣ ሣሩን አቋርጦ፣ የአገሬው ሰው እንቁላል ግንብ እያለ ወደሚጠራው የአፄ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ሲገባ ግን ነጥቡ መዋለል ይጀምራል። አንዴ ከግንቡ ውጭ፣ አንዴ ከአጥሩ ማዶ ይታያል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው የሚልኩት ሞገድ መሬት እስኪደርስ እጅግ ይደክማል፤ በባሳልት ድንጋይና በኖራ የተገነባ ወፍራም ግድግዳ ዘልቆ የመግባት አቅም የለውም። በመስኮት ሾልኮ የገባው ጥቂቱም ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚደርስ ርቀቱን አዛብቶ ይናገራል።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲያ ስላለው ጥበብ ነው። አንድ ስልክ ከሰማይ ምንም ሳይሰማ፣ በግድግዳው ላይም ምንም መሣሪያ ሳይተከልለት፣ በውስጡ ባሉት የእንቅስቃሴ ሴንሰሮችና በካሜራው ብቻ ከበሩ ስንት ሜትር እንደገባ፣ ወደየት እንደታጠፈ፣ ስንት ደረጃ እንደወጣ ማወቅ ይችላል። ጎግል ሙከራውን ታንጎ በሚል ስም ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አፕል ኤአርኪት፣ ጎግል ደግሞ ኤአርኮር የተባሉትን ሶፍትዌሮች አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ለዚህ ተብሎ ያልተሠራ ተራ ስልክም ሥራውን ተለማምዷል። ሶፋ ከመግዛቱ በፊት በስልኩ መስኮት ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ ያየ ሰው ሳያውቀው ተጠቅሞበታል። የአፄ ፋሲልን ግንበኞች እጅ የሚያደንቅ ዓይን ይህንንም ሥራ ቀረብ ብሎ ሊያየው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የአሠራሩ ውበት በውጭ አይታይም።

ከእንቅስቃሴ ሴንሰሩ እንጀምር። ስፋቱ 2.5 በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጥቁር ቺፕ ውስጥ ስድስት መለኪያዎች ተቀምጠዋል። ሦስቱ አክስለሮሜትር ናቸው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን የፍጥነት ለውጥ ይለካሉ። ሦስቱ ጋይሮስኮፕ ናቸው፤ በነዚሁ አቅጣጫዎች ዙሪያ ያለውን መሽከርከር ይለካሉ። አክስለሮሜትሩ ውስጥ ከሲሊከን የተቀረጸ ትንሽ ክብደት በሲሊከን ሞላዎች ተንጠልጥሏል። ከክብደቱ ጎን የወጡ ቀጫጭን ጥርሶች ከማይንቀሳቀሱ ሌሎች ጥርሶች መካከል ገብተው ሳይነካኩ ቆመዋል። ስልኩ ወደ ፊት ሲገፋ ክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በአንድ በኩል ይጠብባል፣ በሌላው ይሰፋል፤ የኤሌክትሪክ ባሕርዩም ይለወጣል። ቁጥሩ የሚነበበው ከዚህ ለውጥ ነው።

ጋይሮስኮፑ ከዚህም ይረቅቃል። በውስጡ ያለው ክብደት አያርፍም፤ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እንዲርገበገብ ተደርጓል። ስልኩ ሲዞር በዝዋሬው ምክንያት ክብደቱ ከሚርገበገብበት መስመር ወደ ጎን ይገፋል፤ ነፋስን በምድር ላይ የሚያጣምመውም ይኸው ኃይል ነው፣ በፈረንሳዊው ሊቅ በኮሪዮሊስ ስም ይጠራል። ቀስ ብሎ ለዞረ ስልክ ያ የጎን ፈቀቅታ ከአንድ አቶም ስፋት ያነሰ ነው። ያን ያህል ጥቂት ነገር በኪስ ውስጥ፣ በእርምጃ መናወጥ መሐል፣ በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይለካል።

እንዲህ ያለ ነገር በምን እጅ ይቀረጻል? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን አገር በቦሽ ኩባንያ ፍራንዝ ሌርመርና አንድሪያ ኡርባን ያገኙት ስልት ነው ለዚህ ያበቃው። ሲሊከኑን በጋዝ ጥቂት ይበሉታል፤ ወዲያው ሌላ ጋዝ አስገብተው የተበላውን ጉድጓድ ግድግዳዎች በስስ ሽፋን ይቀቡታል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ታች ጥቂት ይበሉታል፣ እንደገና ይቀቡታል። ሽፋኑ ጎኑን ስለሚጠብቀው መብላቱ ወደ ታች ብቻ ይሄዳል። ይህ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ጥልቅ፣ ጠባብና ቀጥ ያለ ቦይ ይወጣል። ጥርሶቹ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የቆሙት በዚህ ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ድካሙ እንምጣ፤ የዚህ ሥራ ውበት ያለ ድካሙ አይገባም። አክስለሮሜትር ርቀትን አይለካም። ከፍጥነት ለውጥ ወደ ፍጥነት፣ ከፍጥነት ወደ ርቀት ለመድረስ ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ መደመር ያስፈልጋል፤ በየመደመሩ ስሕተቱም አብሮ ይደመራል። በዚያ ላይ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ሴንሰሩ የምድርን ስበት ይሰማል፤ ጎንደር ላይ ይህ ቁጥር 9.78 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ገደማ ነው። እንቅስቃሴውን ለማወቅ ስበቱን መቀነስ ግድ ይላል፤ ስበቱን ለመቀነስ ደግሞ ስልኩ ወደየት እንዳዘነበለ በትክክል ማወቅ ያሻል። ማዘንበሉን በ1 ዲግሪ ብቻ ቢስት፣ ከስበቱ 0.17 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ያህሉ ወደ ጎን የተደረገ እንቅስቃሴ መስሎ ይቆጠራል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ስሕተቱ 8.5 ሜትር ይሆናል። በ1 ደቂቃ ከ300 ሜትር ያልፋል። የፋሲል ግቢ ስፋት 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በአፄ ፋሲል አዳራሽ ውስጥ ሳይነቃነቅ የቆመ ጎብኚ በ1 ደቂቃ ውስጥ ከአጥሩ ውጭ ተወርውሮ ይገኛል ማለት ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት እርምጃ መቁጠር ነው። ሰው ሲራመድ ተረከዙ መሬት በነካ ቁጥር በሴንሰሩ ንባብ ላይ ጉብታ ይወጣል። ሶፍትዌሩ ጉብታዎቹን ይቆጥራል፤ እያንዳንዱን በእርምጃ ርዝመት ያባዛል፤ አቅጣጫውን ከጋይሮስኮፑ ይወስዳል። ሁለት ጊዜ መደመሩ ስለሚቀር ስሕተቱ እንደ ቅድሙ አይሮጥም። ለደልዳላ ኮሪደር ይበቃል። የግንቡ ደረጃ ላይ ግን እርምጃው ያጥራል፤ ጎብኚው ለፎቶ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ እናት ልጇን ይዛ ወደ ጎን ትላለች። እርምጃ ቆጣሪው ይህን ሁሉ ቀጥ ያለ መንገድ አድርጎ ይጽፈዋል። ዓይን ያስፈልጋል።

ካሜራው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያየውም እኛ እንደምናየው አይደለም። በሰከንድ 30 ሥዕል ያነሳል፤ በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ ግንቡን፣ መስኮቱን፣ ሰውን አይፈልግም። ጥቂት መቶ ነጥቦችን ብቻ ይፈልጋል፤ በሚቀጥለው ሥዕል ውስጥ ሳይሳሳት መልሶ ሊያገኛቸው የሚችል ነጥቦችን። የመረጣው ስልት በቅርብ ቢታይ የሚያስደስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤድዋርድ ሮስተንና ቶም ድራመንድ ያቀረቡት፣ ፋስት የተባለው ዘዴ እንዲህ ይሠራል።

ከግንቡ ግድግዳ አንድ ጥቁር ባሳልት ድንጋይ ውሰድ፤ ዙሪያውን ነጣ ያለ የኖራ ልስን ከቦታል። ሶፍትዌሩ ከሥዕሉ አንድ ፒክስል ይመርጣል፤ በዙሪያው፣ በሦስት ፒክስል ርቀት፣ 16 ፒክስሎች ያሉት ክብ ያሰምራል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ከ16ቱ ውስጥ ቢያንስ 12ቱ ተከታትለው ከመሐለኛው ይበልጥ ይበራሉን? ወይስ ይበልጥ ይጨልማሉን? መሐለኛው ፒክስል የድንጋዩ ሆድ ላይ ከሆነ ዙሪያው ሁሉ ጥቁር ነው፤ ይጥለዋል። የድንጋዩ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ ከሆነ ከክቡ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ይሆናል፤ ይህንንም ይጥለዋል፣ በጠርዙ ላይ ካለ ጎረቤቱ አይለይምና በሚቀጥለው ሥዕል የቱ እንደነበር ይጠፋል። መሐለኛው ፒክስል የድንጋዩ ማእዘን ጫፍ ላይ ሲያርፍ ግን ከክቡ ሩቡ ብቻ ጥቁር ይሆናል፤ ሦስት አራተኛው ኖራ ነው። 12 ሞላ። ይህን ነጥብ ያስቀምጠዋል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢንሸራተት ይታወቃልና።

ቁጠባው ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። በአንድ ሥዕል ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ፒክስሎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ 16 ጥያቄ መጠየቅ ባትሪ ይጨርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በክቡ ላይ በአራቱ ማእዘናት ያሉትን አራት ብቻ ይፈትናል። ከአራቱ ሦስቱ ካልተስማሙ 12 ሊሞላ እንደማይችል አስቀድሞ ይታወቃል፤ ቀሪዎቹን ሳይጠይቅ ያልፋል። አብዛኛው ግድግዳ በዚህ ይጣላል። ሰዓቱ የሚውለው ተስፋ ባለው ነጥብ ላይ ብቻ ነው።

ነጥቦቹ ከሥዕል ወደ ሥዕል ሲዛወሩ የቅርቡ ብዙ፣ የሩቁ ጥቂት ይዛወራል። ከዚህ ልዩነት ካሜራው ወዴት እንደሄደና እያንዳንዱ ነጥብ በምን ጥልቀት እንዳለ ማስላት ይቻላል። በመሐል ጋቢ የለበሰ ሰው ቢያልፍ፣ በልብሱ እጥፋት ላይ የተያዙት ነጥቦች ከግድግዳው ነጥቦች ጋር የማይስማማ እንቅስቃሴ ያሳያሉ፤ ሶፍትዌሩ ከብዙዎቹ ጋር ያልተስማሙትን ለይቶ ያስወጣል። ነገር ግን ካሜራ ብቻውን የማይችለው አንድ ነገር አለ። ሜትር አያውቅም። 32 ሜትር የሚደርሰውን ግንብ ከሩቅ ያየ አንድ ካሜራና በእንጨት የተሠራ ትንሽ አምሳያውን ከቅርብ ያየ ሌላ ካሜራ የሚያገኙት ሥዕል አንድ ነው። ቅርጹ ይታወቃል፤ መጠኑ አይታወቅም።

ሜትሩን የሚያውቀው ያ ሲሮጥ የሚስተው አክስለሮሜትር ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ ስሕተቱ ገና ሳይከማች፣ «አሁን 30 ሳንቲ ሜትር ተንቀሳቅሻለሁ» ብሎ በእርግጠኝነት ይናገራል። ካሜራው ያንን ርዝመት ወስዶ ግንቡን በሙሉ በሜትር ይለካዋል። በምላሹ ካሜራው «ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም፤ አንተ የሰማኸው እንቅስቃሴ የማዘንበል ስሕተት ነው» ብሎ ሴንሰሩን ያርመዋል። አንዱ የጎደለው በትክክል ሌላው ያለው ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ሥራውን ከማድነቅ በላይ እወደዋለሁ።

የሁለቱን ቃል የሚያስማማው ስሌት ሁለት ምስክር የሰማ ሽማግሌ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ የእያንዳንዱን ቃል በታማኝነቱ ልክ ይቀበላል። እንበልና የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ 2 ሜትር ሄድን ይላል፤ ግን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል። ካሜራው 1.70 ሜትር ነው ይላል፤ ስሕተቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ስሌቱ አማካዩን 1.85ን አይወስድም፤ 1.72 ይላል። በዚህ ውሳኔ ላይ ያለው ጥርጣሬ ደግሞ ከ10 ሳንቲ ሜትርም በጥቂቱ ያንሳል፤ ማለትም የደካማው ምስክር ቃል እንኳ አልባከነም። ይህን ስሌት ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 አሳተሙት፤ ናሳም ለጨረቃ ጉዞ አቅጣጫ ማስያ ወሰደው። የአፖሎ ጠፈርተኞችም የመንኮራኩራቸው ጋይሮስኮፖች እየሳቱ ሲሄዱ በመነጽር ከዋክብትን እያነጣጠሩ ያርሟቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አናስታሲዮስ ሞሪኪስና ስቴርጊዮስ ሩሜልዮቲስ ካሜራንና የእንቅስቃሴ ሴንሰርን በዚህ መንገድ የሚያጣምር፣ በትንሽ ኮምፒውተር የሚሠራ ስልት አቀረቡ። ዛሬ በየኪሱ ያለው ሥራ የዚያ ዘር ነው።

ጥበቡ ይበልጥ የሚታየው ግን ማንም በማያየው ቦታ ነው። የስልክ ካሜራ አንድን ሥዕል በአንድ ቅጽበት አያነሳም፤ ከላይኛው መስመር ጀምሮ በተራ ወደ ታች ያነባል፤ እስኪጨርስ 20 ወይም 30 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ያዢው በዚያ መሐል ዘወር ካለ፣ የሥዕሉ የላይኛው ክፍል የተነሳበትና የታችኛው ክፍል የተነሳበት አቅጣጫ በ2 ዲግሪ ሊለያይ ይችላል፤ ቀጥ ብሎ የተገነባው የግንብ ማእዘን በሥዕሉ ላይ ዘመም ይላል። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ መስመር የየራሱን ሰዓት ይሰጠዋል፤ በዚያ ሰዓት ስልኩ ወደየት እንደዞረ ከጋይሮስኮፑ ያነባል፤ ነጥቦቹንም በዚያው ልክ ይመልሳል። ከዚህም አልፎ የካሜራው ሰዓትና የሴንሰሩ ሰዓት በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ከስልክ ስልክ አንድ አይደለም። ጥሩ አድርገው የሠሩት ሰዎች ይህንን ልዩነት ራሱን ካልታወቁት ቁጥሮች እንደ አንዱ ቆጥረው በጉዞ ላይ እንዲሰላ አደረጉት። የሴንሰሩም መዛባት እንዲሁ ነው። ከጎንደር የቀትር ፀሐይ ሞቆ የመጣ ስልክ ወደ ቀዝቃዛው ምድር ቤት ሲገባ የሴንሰሩ መዛባት ከሙቀቱ ጋር ይለወጣል፤ ሶፍትዌሩ ለውጡን እየተከታተለ ይቀንሰዋል።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ብርሃን ካለና ምልክት ከበዛ፣ ስሕተቱ ከተጓዙት ርቀት 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። 100 ሜትር ተዘዋውሮ ወደ በሩ ለተመለሰ ሰው 1 ሜትር ያህል ማለት ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ካሜራው መጀመሪያ ያስቀመጣቸውን ማእዘኖች ያውቃቸዋል፤ ያቺ የ1 ሜትር ልዩነት ወደ ኋላ በመንገዱ ሁሉ ላይ ትከፋፈላለች፤ ያለፈው ጉዞም ይታረማል።

ይህ ስልት ለእነዚህ ደጋዎች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ በአገራችን የቆየው አንትዋን ዳባዲ ጎንደርን አንዱ ማረፊያው አድርጎ፣ ከኮረብታ ኮረብታ እየወጣ፣ በቴዎዶላይት የሰሜን ተራሮችን ጫፎች አንግል እየለካ ካርታ ሠርቷል። ሥራው ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት ፓሪስ ላይ ታትሟል። ከእርሱ በፊት የነበሩ መንገደኞች በአብዛኛው በቅሎ የተጓዘችበትን ሰዓት ቆጥረው፣ ኮምፓስ አይተው ቦታ ይገምቱ ነበር፤ ገደል በዞሩ፣ ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ግምቱ ይዛባል። ዳባዲ ያንን የጉዞ ግምት በማይንቀሳቀስ ተራራ አረመው። ስልኩም ሌላ አያደርግም፤ ተራራው የድንጋይ ማእዘን ሆነለት እንጂ።

ደጋው ራሱ ለዚህ ሙያ የሚያስተምረው ነገር አለ። ብዙ ስልኮች የአየር ግፊት የሚለካ ባሮሜትር አላቸው፤ ፎቅ መውጣትና መውረድን ለማወቅ ይረዳል። በባሕር ዳርቻ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ 8 ሜትር ያህል ወጣህ ማለት ነው። 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር አየሩ ስለሳሳ ይኸው ለውጥ 11 ሜትር ገደማ ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ በሚደርሰው ራስ ደጀን ላይ ደግሞ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። የባሕር ዳርቻውን ቁጥር እንዳለ የወሰደ ፕሮግራም በጎንደር ግንብ 3 ሜትር የወጣን ሰው 2.2 ሜትር ገደማ ብቻ ወጣ ይለዋል። ኮምፓሱም ትምህርት አለው። አገራችን የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1957 አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመውም በዚህ ምክንያት ነበር። እዚህ የመግነጢሱ መስመር ወደ መሬት ብዙ ስለማይዘቀዝቅ መርፌው ከሰሜን አውሮፓ ይልቅ አቅጣጫውን በጉልበት ይይዛል። ባሳልት ግን በውስጡ መግነጢሳዊ ማዕድን አለው፤ በባሳልት ግድግዳ ሥር ኮምፓስ ሊያመነታ ይችላል። ጠንቃቃ ሠሪ እዚያ ግንብ ውስጥ ከኮምፓሱ ይልቅ ጋይሮስኮፑንና ካሜራውን ያምናል።

የሚወድቅበትን ካላወቅን ሙያውን አላወቅነውም። ጨለማ ውስጥ ካሜራው ማእዘን አያገኝም። ነጭ የተለሰነ፣ ምንም የሌለበት ግድግዳ ፊት ለፊትም እንዲሁ። ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም ደግሞ አንዱን ከሌላው ያምታታል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው በሙሉ በረድፍ በተሣሉ የመላእክት ፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ትልልቅ ዓይኖች፣ ክንፎች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ፊቶቹ በማኅተም የታተሙ ቢሆኑ ኖሮ ለእንዲህ ያለው ስሌት ከባድ ፈተና በሆኑ ነበር። ነገር ግን ሠዓሊው እያንዳንዱን በእጁ ሥሎታል፤ የአንዱ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ የሌላው ጉንጭ ይሰፋል፣ የዓይኖቹ ብሌን ወዲያና ወዲህ ይላል። ካሜራው የሚይዘው ይህንን ልዩነት ነው። የእጅ ሥራ እያንዳንዱን ነገር የተለየ ያደርጋል፤ ቦታን ለማወቅ የሚያስፈልገውም መለየት ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የተገኘው ማርስ ላይ ነው። ኢንጀኒዩቲ የተባለችው 1.8 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሄሊኮፕተር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 ላይ ስትነሳ ጂፒኤስ አልነበራትም፤ ማርስ ላይ የለምና። ከያዘቻቸው መሣሪያዎች መካከል የስልክ ፕሮሰሰር፣ በስልክ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት የእንቅስቃሴ ሴንሰርና ወደ መሬት የሚያይ ጥቁርና ነጭ ካሜራ ነበሩ። ለአምስት በረራ ታስባ 72 በረረች። በጥር 2024 በመጨረሻው በረራዋ የደረሰችበት ቦታ ለስላሳ የአሸዋ ሞገድ ነበር፤ ድንጋይ የለ፣ ማእዘን የለ። ካሜራዋ የሚይዘው ነጥብ አጣ፤ ስታርፍ ክንፎቿ ተሰበሩ። ያ ሁሉ ጉዞ የተደገፈው ለዓይን ኢምንት በሆኑ ጠጠሮች ላይ እንደነበር በግልጽ የታየው ያኔ ነው።

ፍርዴ ይህ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ብቻውን የሚታመን አንድም ክፍል የለም። ጋይሮስኮፑ ይስታል፣ አክስለሮሜትሩ ይሮጣል፣ ካሜራው ሜትር አያውቅም፣ ኮምፓሱ በድንጋይ ይታለላል። የጥሩ ሠሪ ምልክት እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በቁጥር ማስቀመጡና ቃሉን በዚያው ልክ ብቻ መቀበሉ ነው። እኔ ከዘመናችን የእጅ ሥራዎች ተርታ ከፊት የማስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጎንደርም ብዙ ይሠራላታል። ዓይነ ስውር ጎብኚ ከፋሲል ግቢ በር ጀምሮ ደረጃው ስንት እርምጃ እንደቀረው በጆሮው እየሰማ መግባት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ ከተጀመረው ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር ባለው ሆስፒታል ውስጥ፣ ከደባርቅና ከዳባት የመጣ ታማሚ ላቦራቶሪውን ፍለጋ ሰው ሁሉ ከመጠየቅ ሊድን ይችላል። ለዚህ በግንቡ ላይ አንድ ሚስማር መምታት፣ አንድ ድንጋይ መነካካት አያስፈልግም፤ ለቅርስ ጠባቂ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ለጎንደርና ለአካባቢዋ የፊዚክስና የሒሳብ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ጀርመን አገር የአኸን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፋይፎክስ የተባለ ነጻ መተግበሪያ የስልክን ሴንሰሮች ቁጥር በቀጥታ ያሳያል። ተማሪዎቻችሁ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው 9.78 ገደማ የሆነ ቁጥር ያንብቡ፤ 1 ዲግሪ አዘንብለው ስንት ወደ ጎን እንደሾለከ ይዩ፤ ያንን ቁጥር በእጃቸው ሁለት ጊዜ ደምረው በ1 ደቂቃ የት እንደሚደርስ ያስሉ። ከዚያ ባሮሜትር ባለው ስልክ የትምህርት ቤታቸውን ደረጃ ወጥተው የጎንደርን አየር ይለኩ። ለሙከራው የሚያስፈልገው መሣሪያ በኪሳቸው አለ፤ የሚቀረው የሚያሳያቸው መምህር ነው።